የሹሙን ውሽምነት ማን ከፈለው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በዚሁ የአንባቢያን ዓምድ የወጣ አንድ ደብዳቤ፣ ሚስቱን የከዳ ሕዝቡንም ለመክዳት አይመለስም ከሚል መነሻ ተነሥቶ፣ በትዳሩ ላይ መማገጡ የታወቀ ማንኛውም ተመራጭ ወይም ተሿሚ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ከሥልጣኑ እንዲነሣ ይጠይቃል። ለዚህ መልስ የጻፉት ሌላ አንባቢ ደግሞ የሰው ጓዳ የሰው ነው፣ ሹሙን በሥራው እንጂ በአልጋው አንመዝነውም ብለው ነገሩን ዘግተውታል። ሁለቱንም ጽሑፎች በጥሞና አንብቤያለሁ። በምሥራቅ ጎጃም በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሒሳብ ምርመራ ሥራ ላይ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ሁለቱም ጸሐፊዎች ሳያነሡት ያለፉት አንድ ጥያቄ ይታየኛል። ውሽምነት ገንዘብ ይጠይቃል፤ ጊዜም ይጠይቃል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምስጢር የሚጠብቅ ሰው ይጠይቃል። አንድ ሹም እነዚህን ከየት እንዳመጣቸው ሳይጠየቅ፣ መማገጡ ብቻውን ስለ ሥልጣን አያያዙ የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት ነው።

የመጀመሪያውን ጸሐፊ ሐሳብ በቀላሉ የምገፋው አይደለም፤ ከአገራችን ልማድ የተቀዳ ነውና። በደብረ ማርቆስም ሆነ በቢቸና፣ በሞጣም ሆነ በፍኖተ ሰላም፣ እድርተኛ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ሲመርጥ የሰውየውን ትዳር ሳያይ አይመርጥም። ሚስቱን ጥሎ ሌላ ዘንድ የሚያድር ወይም ከጎረቤት ሴት ጋር ስሙ የሚነሣ ሰው በእጩነት ሲጠቆም ሽማግሌዎቹ አቀርቅረው መሬት መሬት ያያሉ፤ ከዚያም አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ሌላ ስም ይጠራል፣ ምክንያቱም ሳይነገር ይቀራል። ነገር ግን ይህን የሚያደርጉት ሰውየውን ለጽድቅ መዝነውት አይመስለኝም። የሰማንያ ሚስት፣ ልጆችና ጎጆ ያለው ሰው የእድሩን ገንዘብ ይዞ ቢሰወር የሚያጣው ብዙ ነው፤ አማቾቹ አሉ፣ የሚስቱ ወንድሞች አሉ፣ በሠርጉ ቀን ዋስ የቆሙለት ሰዎች አሉ። ትዳሩ የሚታየው እንደ መያዣ ነው። ሁሉም ሁሉን በሚያውቅበት መንደር ይህ ሥርዓት በሚገባ ይሠራል። ሹሙ ከሌላ ዞን ተመድቦ በሚመጣበት፣ ቤተሰቡ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ቀርቶ እሱ ብቻውን በሚኖርበት፣ በጀቱም በሚሊዮን ብር በሚቆጠርበት መሥሪያ ቤት ግን አማቾቹ ገንዘባችንን ሊጠብቁልን አይችሉም። እዚያ ያለን ጠባቂ መዝገብና መዝገቡን የሚመረምር ሰው ነው።

ጸሐፊው የጠቀሱት የሐዋርያው ጳውሎስ ቃልም፣ ማለትም በመጀመሪያይቱ የጢሞቴዎስ መልእክት ምዕራፍ 3 ቤቱን ማስተዳደር የማያውቅ የእግዚአብሔርን ቤተ ክርስቲያን እንዴት ይጠብቃል የሚለው፣ የተነገረው ስለ ኤጲስ ቆጶስ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ትምህርቱን አጥብቃ ይዛ ቄሱ በአንድ ሚስት ጸንቶ እንዲኖር ታዛለች፤ ይህን ያፈረሰ ቄስ ክህነቱ ይፈርሳል። ቄሱ ግን ሲካን ይህን አውቆ የተቀበለ ነው፤ አገልግሎቱም ከንጽሕናው ጋር የተያያዘ ነው። ጨረታ ከሚከፍት ወይም ማዳበሪያ ከሚያከፋፍል ሹም የምንፈልገው ንጽሕና ሌላ ዓይነት ነው። ማዳበሪያው ክረምቱ ሳይገባ፣ በተተመነለት ዋጋ፣ ስሙ በተመዘገበው ገበሬ እጅ ከገባ፣ ገበሬው ሹሙ የት እንዳደረ አይጠይቅም፤ እንዲጠይቅም አልፈልግም።

የጎጃም ሰው በሹም የተማረረባቸውን ጊዜያት መለስ ብሎ ላየ ነገሩ ግልጽ ነው። በ1960 ዓ.ም. ገበሬው መሣሪያውን አንሥቶ የሸፈተው የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጥቶ መሬታችን ሊለካ ነው፣ ርስታችን ሊነካ ነው ብሎ ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱም የጦር ኃይል አዝምተው ካዩት በኋላ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን ከጎጃም አንሥተው ሌላ ሰው ሾሙ። የዚያ ሁሉ ነገር ሥሩ ግብርና ርስት እንጂ የማንም ጓዳ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ጎጃምን የገዙት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትም ስማቸው በሽማግሌ አፍ ሲነሣ ቀድሞ የሚመጣው የጣሉት የግብር ብዛትና ያካበቱት ሀብት ነው። ለሚስቱ የታመነ ሁሉ ለሕዝብ ይታመናል ማለት እንዳልሆነ ለማየትም ከአሜሪካው ሪቻርድ ኒክሰን የተሻለ ምሳሌ የለም፤ በሴት ጉዳይ የሚታወቁ ሰው አልነበሩም፣ ነገር ግን የተቀናቃኝ ፓርቲን ቢሮ ሰብረው የገቡ ሰዎችን ጉዳይ ለመሸፈን በተሞከረበት በዋተርጌት ቅሌት ምክንያት በ1974 እ.ኤ.አ. ከፕሬዚዳንትነታቸው ለቀቁ።

ትዳር የፖለቲካ መክሰሻ ሲሆን ምን እንደሚመስልም የራሳችን ታሪክ ያሳየናል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ሲሆን፣ ብዙ ሚስት አግብተዋል መባሉም ለዚያ ክስ ማስረጃ ሆኖ ቀርቦ ነበር። ያወረዷቸው መኳንንት ሁሉ በትዳራቸው ንጹሐን ነበሩ ብሎ የሚምል የታሪክ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም። ጠቡ የሥልጣን፣ የሃይማኖትና በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል የነበሩ የውጭ መንግሥታት ፍላጎት ጠብ ነበር፤ የሚስቶቹ ነገር ክሱን አደመቀው። ዛሬም ቢሆን አንድ ሹም ከቦታው ሊነሣ ሲታሰብ የጓዳው ወሬ ከደብዳቤው ቀድሞ ከተማውን ይዞራል። እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ መጀመሪያ የምጠይቀው ወሬው እውነት ነው ወይ ብዬ ሳይሆን፣ አሁን ለምን ወጣ ብዬ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያነበበኝ ሰው ከሁለተኛው ጸሐፊ ጋር የተስማማሁ ሊመስለው ይችላል። አልተስማማሁም። ጓዳና ቢሮ በመካከላቸው ግድግዳ ያለ ይመስል ለያይተው ማስቀመጣቸው ትክክል አይደለም፤ በመካከላቸው በር አለ፣ በሩንም የሚከፍተው ብዙ ጊዜ ሹሙ ራሱ ነው።

ነገሩን ከሁሉ አጥርቶ የሚያሳየው በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 11 የተጻፈው የንጉሡ የዳዊት ታሪክ ነው። ደጋግመን ስለሰማነው የምናውቀው ይመስለናል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን በቤርሳቤህ ላይ እናቆማለን። ዳዊት ሥራውን ለመሸፈን መጀመሪያ ባሏን ኦርዮን ከጦር ሜዳ አስጠርቶ ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲያርፍ አባበለው። ኦርዮ ጓደኞቼ በሜዳ ሰፍረው ሳለ እኔ ከቤቴ ገብቼ አልተኛም ባለ ጊዜ፣ ንጉሡ ደብዳቤ ጽፎ በራሱ በኦርዮ እጅ ለጦር አዛዡ ለኢዮአብ ላከለት፤ ደብዳቤው ይህን ሰው ውጊያው በበረታበት ፊት አቁማችሁ ከኋላው ሽሹ የሚል ነበር። በዚያ ቀን ኦርዮ ብቻ አልሞተም፤ ምንም የማያውቁ ሌሎች ወታደሮችም አብረው ወድቀዋል። እኔ የሒሳብ መርማሪ ስለሆንኩ ይመስለኛል ዓይኔ ሁልጊዜ የሚያርፈው ደብዳቤው ላይ ነው። የንጉሥ ሥልጣን፣ የጦር ትእዛዝና የሰው ነፍስ የአንድን ሌሊት ነገር ለመሸፈን የወጡት በዚያ ደብዳቤ ነው።

ከዚህም በኋላ ያለውን ማየት ይገባል። ኢዮአብ ያንን ደብዳቤ ተቀብሎ እንደታዘዘው የፈጸመ ሰው ነው። በኋላ ዳዊት ልጄን አቤሴሎምን በርኅራኄ ያዙልኝ እያለ ሲማጸን ኢዮአብ ወግቶ ገደለው፤ ዳዊት በእሱ ምትክ የጦር አዛዥ ያደረገውን አሜሳይንም በመንገድ ላይ እንዲሁ ገደለው፤ ዳዊት ግን በሕይወቱ ሳለ ፍርድ አልሰጠበትም። ልጁ ሰሎሞን እንዲበቀለው ያዘዘው ሞቱ በቀረበ ጊዜ ነው። መጽሐፉ ምክንያቱ ደብዳቤው ነው አይልም፤ እኔ ግን በቢሮ ሕይወቴ ካየሁት ተነሥቼ እንደዚያ አነበዋለሁ።

ያየሁት ምን እንደሆነ ልግለጽ። ስሙንና መሥሪያ ቤቱን የማልጠቅሰው አንድ ኃላፊ ነበር፤ በሥራው ብርቱ፣ ለሠራተኛ የሚራራ፣ ለስብሰባ ቀድሞ የሚገባ ሰው። በአንድ የበጀት ዓመት መዝጊያ የተሽከርካሪ መዝገቡን ሳገላብጥ ዐርብ ከሰዓት ወጥታ እሑድ ማታ የምትመለስ አንዲት ላንድክሩዘር አገኘሁ። በስምሪት ወረቀቱ ላይ የጉዞው ምክንያት «ለሱፐርቪዥን»፣ መድረሻው «ደጀን» ተብሎ በአንድ ዓይነት እጅ ጽሕፈት በየሳምንቱ ተሞልቷል። ከደብረ ማርቆስ ደጀን ደርሶ መልስ ከ140 ኪሎ ሜትር እምብዛም አያልፍም፤ የመኪናዋ ቆጣሪ ግን በየጉዞው ከ500 በላይ ጨምሮ ይመለሳል፣ ይህም ባሕር ዳር ደርሳ የምትመለስ መኪና ልክ ነው። የነዳጅ ኩፖኑ በቆጣሪው ልክ ወጥቷል፤ የኃላፊውና የሾፌሩ ውሎ አበል ደግሞ በስምሪቱ ወረቀት መሠረት ያለ አንዳች ጥያቄ ተወራርዷል። ሾፌሩን ጠርቼ ብጠይቀው ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና «ጋሼ፣ እኔ ያዘዙኝን ነው የምነዳው» አለኝ። ሒሳብ ሹሟ ወረቀቱን ገልብጣ አይታ «ፊርማ አለበት» ከማለት በቀር አልጨመረችም።

ውሎ አድሮ እንደታወቀው ባሕር ዳር ቤት የተከራየላት ሴት ነበረች። የእሷ ነገር በሪፖርቴ ውስጥ አልገባም፤ ሊገባም አይገባውም ነበር። የገባው ኪሎ ሜትሩ፣ ኩፖኑና ውሎ አበሉ ነው። ይሁንና እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ ብዙ አልነበረም፣ ተቆርጦም ተመልሷል። የከነከነኝ ሌላ ነው። በዚያው ዓመት ያ ሾፌር በግዴለሽነት መኪና አጋጭቶ በዲሲፕሊን አልተጠየቀም። ሒሳብ ሹሟ ያለ ደረሰኝ ያወራረደችው ክፍያ በዝምታ ታልፏል። የባሕር ዳሩን ቤት በራሱ ስም ተከራይቶ ያስረከበው ነጋዴ የመሥሪያ ቤቱን የጽሕፈት መሣሪያ ግዥ ያለ ተፎካካሪ ወስዷል። ኃላፊው ከእነዚህ ሰዎች አንዱንም ቀና ብሎ መቆጣት አይችልም ነበር፤ ሁሉም ያውቁበታልና። አንድ ጊዜ እንኳ አስፈራርተውት አያውቁም፤ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ለዚህ ነው የሹም ውሽምነት ስለ ሹሙ ጠባይ የሚነግረንን ፍለጋ ትተን፣ ለማን ዕዳ እንዳስገባው እንጠይቅ የምለው። ሚስቱን ያታለለ ሰው ሕዝብን ያታልላል የሚለው አባባል ከአንድ ጠባይ ወደ ሌላ ጠባይ የሚዘል ግምት ነው፤ ልክ የሚሆንበትም ልክ የማይሆንበትም ጊዜ አለ። ምስጢሩን የያዘለት ሰው ግን ሁልጊዜ አበዳሪው ነው። ተራ ሰው እንዲህ ያለውን ዕዳ በራሱ ኪስና በራሱ ፊት ይከፍላል፤ ሹም ሲሆን የሚከፍለው በሕዝብ ዕቃ፣ በቅጥር፣ በዕድገት፣ በጨረታና በዝምታ ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ይህ ዕዳ የሚከፈልበት መንገድ አይጠፋም።

የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት የፍራንስዋ ሚተራን ጉዳይ በዚህ ረገድ ብዙ ያስተምራል፤ ፈረንሳዮች በሹም ጓዳ ግድ የላቸውም ሲባል ምሳሌ ሆኖ የሚጠቀሰውም እሱ ስለሆነ። ሚተራን ከሚስታቸው ሌላ ከሆነች ሴት በ1974 እ.ኤ.አ. የተወለደች ልጅ ነበረቻቸው፤ ነገሩ በፎቶግራፍ ተደግፎ በይፋ የወጣው ግን በ1994፣ ሁለተኛው የሥልጣን ዘመናቸው ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ነው። በጥር 1996 ሲቀበሩ ሚስትና ውሽማ ከነልጆቻቸው በአንድ ቀብር ላይ ቆመው ሲታዩ ዓለም እንዴት ያለ ሥልጡን ሕዝብ ነው ብሎ ተደነቀ። ቀብሩን እኔም አልነቅፍም። ከቀብሩ በፊት የሆነው ግን ሌላ ነው። እናትና ልጅ ለዓመታት የኖሩት በመንግሥት አፓርታማ፣ በመንግሥት ጠባቂዎች እየተጠበቁ ነበር። ሽብርን ለመዋጋት ተብሎ በቤተ መንግሥቱ የተቋቋመው ክፍል ደግሞ ከ1983 እስከ 1986 የጋዜጠኞችን፣ የጠበቆችንና የሌሎች ሰዎችን ስልክ ሲጠልፍ ቆይቷል፤ ከተጠለፉት አንዱ የልጅቷን ነገር በጽሑፍ አወጣለሁ ሲል የነበረ ደራሲ ነው። በጉዳዩ የተሳተፉ ሹማምንት በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉት በ2005፣ ሚተራን ከሞቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ጋዜጠኞቹ ዝም ያሉት የሰው ጓዳ የሰው ነው ብለው ይሆናል፤ በዝምታቸው ግን የራሳቸው ስልክ ሲጠለፍ ኖረ።

ከዚህ ሁሉ ለይቼ የማየው፣ ምንም ዓይነት መዝገብ ሳያስፈልገው የሕዝብ ጉዳይ የሚሆን አንድ ሁኔታ አለ፤ ሴቲቱ በሹሙ ሥር የምትሠራ ወይም ከእሱ ፊርማ የምትጠብቅ ስትሆን። ኮንትራቷ በሰኔ የሚያልቅ ጸሐፊ፣ ዝውውር የጠየቀች መምህርት፣ የመሬት ጉዳይ ይዛ ደጅ የምትጠና ባሏ የሞተባት ሴት ሹሙ «ማታ እንገናኝ» ሲላት፣ የምትሰጠው መልስ የነፃ ሰው መልስ አይደለም። ይህን መማገጥ ብለን መጥራታችን ራሱ ሹሙን ማቅለል ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 625 የሴትን ችግር ወይም በእሷ ላይ ያለውን ሥልጣን መጠቀሚያ አድርጎ ከእሷ ጋር ግንኙነት የፈጸመን ሰው የሚቀጣው ከምንዝር ለይቶ ነው። በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከአንዲት የቤተ መንግሥት ተለማማጅ ጋር የነበራቸው ግንኙነት በ1998 እ.ኤ.አ. ሲፈነዳ የተወካዮች ምክር ቤት የከሰሳቸው በሐሰት በመማልና ፍትሕን በማደናቀፍ ነበር፤ ሴኔቱም በየካቲት 1999 እ.ኤ.አ. ነፃ ለቀቃቸው። በወቅቱ ክርክሩ ሁሉ በመሐላው ዙሪያ ነበር፤ ልጅቷ ግንኙነቱ ሲጀመር የ22 ዓመት ተለማማጅ፣ እሳቸው የአገሪቱ የመጨረሻው አለቃ መሆናቸው ግን ሳይነገር ቀረ ባይባልም ሚዛን አልተሰጠውም። ዳዊትም መልእክተኞች ልኮ ሴቲቱን ባስመጣት ጊዜ እንቢ ማለት ትችል እንደነበር መጽሐፉ አይነግረንም።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በከተሞቻችን የዚህ ዓይነት ወሬ ፍርዱ እኩል አይደለም። ወንዱ ሹም ውሽማ ያዘ ሲባል በየሻይ ቤቱ ይሳቅና ይታለፋል፣ እንዲያውም ጀግና የሚያደርጉት አሉ፤ አንዲት ሴት የመምሪያ ኃላፊ ስትሆን ግን ምንም ነገር ሳይታይባት፣ ወንበሩን እንዴት እንዳገኘችው ይወራባታል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሐሳብ እንደ ሕግ ቢያዝ ቀድማ የምትነሣው እሷ ናት፤ ማስረጃም የሚጠይቅላት አይኖርም።

ሕጋችን የግል የሆነውን ከሕዝቡ ለይቶ ለማስቀመጥ የሄደበት መንገድ መጥፎ አይደለም። ባልና ሚስት አንዳቸው ለሌላው ታማኝ የመሆን ግዴታ እንዳለባቸው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይደነግጋል፤ ምንዝርም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 652 ያስቀጣል። ነገር ግን ዐቃቤ ሕግ በራሱ ተነሥቶ አይከስም፤ የተበደለው የትዳር ጓደኛ አቤት ማለት አለበት። ይህ ማለት ሕጉ ራሱ ባለጉዳይዋ ሚስቲቱ እንጂ ጎረቤት አይደለም ብሎ ወስኗል ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፣ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ሹም ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል። ሁለቱ አንቀጾች የሚጋጩ አይመስለኝም፤ አንዱ ስለ ሰውየው፣ ሌላው ስለ ሥራው ይናገራል። የሰው ገመና ማውጣት በእኛ ዘንድ ነውር የሆነውም በከንቱ አይደለም። የሹሙ ስም በጋዜጣ ሲወጣ በማግስቱ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆቹ ናቸው፤ ሚስቱም ምንም ሳታጠፋ የከተማው መነጋገሪያ ትሆናለች። እሷ በሽማግሌ ወይም በነፍስ አባት ልትጨርሰው የፈለገችውን ነገር በእሷ ስም ተቆርቁረን አደባባይ ማውጣት በደል ላይ በደል መጨመር ነው።

ሕጉ ክፍተት ያለበትን ቦታም ላመልክት፤ ዕድሜ ልኬን ስሠራበት የኖርኩት ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ላይ መታገሥ አልችልም። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና የተወሰኑ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። ቤተሰብ የሚባለው በዋናነት የትዳር ጓደኛና በሥሩ የሚተዳደሩ ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በሌላ ከተማ ተደብቃ የምትኖር ሴት በዚያ ቅጽ ላይ ቦታ የላትም፤ ስለዚህ ሹሙ ያልተመዘገበ ቤት ሊሠራ፣ መኪና ሊገዛ፣ ገንዘብ ሊያስቀምጥ ቢፈልግ ከእሷ የተሻለ ስም አያገኝም። ከእሷ የወለደው ልጅ ካለና በዚያ ልጅ ስም ያስቀመጠውን ሀብት ሳያሳውቅ ከቀረ ደግሞ፣ ለሚስቱ የዋሸውን በመንግሥት ቅጽ ላይ ፈርሞ ደግሞታል። እዚህ ላይ የጓዳ ነገር ነው ብሎ የሚከላከልለት ሰው ቢኖር እሰማዋለሁ፣ ነገር ግን አልቀበለውም።

ስለ ውሸትም የምለው ይህንኑ ይመስላል። ሰው ስለ ጓዳው በድንገት ሲጠየቅ ቢክድ አልፈርድበትም፤ ጠያቂው መብት የለውምና። የእንግሊዙ የጦር ሚኒስትር ጆን ፕሮፊዩሞ በሰኔ 1963 እ.ኤ.አ. ሥልጣናቸውን ያጡት ግን ከአንዲት ወጣት ጋር በመወዳጀታቸው ብቻ አልነበረም፤ በፓርላማ ቆመው ነገሩ የለም ብለው ስለካዱ ነው፣ ልጅቷም ለንደን በነበረው የሶቪየት ኅብረት ኤምባሲ ከተመደበ የባሕር ኃይል መኮንን ጋር ትተዋወቅ ነበር። በምክር ቤት ፊት፣ በመሐላ ወይም በመንግሥት ሰነድ ላይ የተነገረ ውሸት ስለ ምንም ይሁን ስለ ምን ከሥልጣን ያስነሣል ብዬ አምናለሁ።

ሰላም በራቀን በዚህ ጊዜ ስለ ሹም ውሽማ መጻፍ ቅንጦት ነው የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ልጁ ትምህርት ቤት መሄድ ላቆመበት፣ መንገድ ተዘግቶበት በሽተኛ ሐኪም ቤት ማድረስ ላቃተው ሰው በርግጥም ቅንጦት ነው። ነገር ግን እንዲህ ባለው ጊዜ መርማሪ ወደ ወረዳ አይወጣም፣ ስምሪት አይመዘገብም፣ ኩፖን በቃል ይወጣል፤ መዝገብ በማይያዝበት ጊዜ ወሬ ብቻውን ፈራጅ ይሆናል፣ ወሬውም ያሻውን ያወርዳል፣ ያሻውን ይተዋል።

ስለዚህ የምጠይቀው ከእናንተ ከጋዜጠኞች ነው። ስለ አንድ ሹም እንዲህ ያለ ጥቆማ ሲደርሳችሁ፣ ማተም አለማተም ከሚለው ክርክር በፊት ወደ መሥሪያ ቤቱ ሂዱና መኪናዋ የት እንደነበረች፣ ውሎ አበሉን ማን እንደፈረመው፣ ሴቲቱ ወይም ዘመዶቿ በዚያ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው እንደሆነ፣ የቤት ኪራዩን የሚከፍለው ነጋዴ የትኛውን ጨረታ እንዳሸነፈ ጠይቁ። አንዱ እንኳ ከተገኘ ያገኛችሁትን ያንኑ ጻፉት፤ የሴቲቱን ስምና ፎቶግራፍ ሳትጨምሩ መጻፍ ይቻላል። ምንም ካልተገኘ ጥቆማውን ለባለቤቱ መልሱለት። የዞንና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችም የተሽከርካሪ ቆጣሪ ንባብን ከስምሪት ወረቀትና ከነዳጅ ኩፖን ጋር በየወሩ የሚያመሳክር የውስጥ ኦዲተር እንዲመድቡ፣ ይህንንም የዓመቱ መዝጊያ እስኪደርስ እንዳያቆዩት፣ በዚሁ ዓምድ እንድታሳስቡልኝ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የሒሳብ መርማሪ
ከደብረ ማርቆስ